ንብረት በሥራው ይቈጠር፤ ጠባቂውም ይታወቅ

ንብረት የሚጠቅመው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ለምን ሥራ እንደ ተመደበና ማን እንደሚጠብቀው ሲታወቅ ነው እንጂ። የመንዝ አባቶች ይህን ቀድመው ስለ ተረዱት የጓሳን ደጋ በቀሮ ሥርዓት ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። ጠባቂ አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግተው፣ በደረሰ ጊዜ ለባለ መብቶች በደንብ ይከፍቱት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ግን ሥርዓቱ ስለ ተቋረጠ ጓሳው ተጎዳ፤ ሕዝቡም ዳግመኛ ደንብ አበጅቶ ይጠብቀው ጀመር።

ይህ ምሳሌ ለዛሬ መሥሪያ ቤቶች እጅግ የሚያስፈልግ ነው። ክላውድ፣ ማለት ደመና፣ የሚባለው አሠራር መሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ገዝቶ በግቢው በማኖር ፈንታ የማስሊያ ኃይልና የመረጃ ማኖሪያ ቦታ ከታላላቅ ማእከሎች የሚከራይበት ነው። ኪራዩ በጥቂት ደቂቃ ይገኛል፤ ዳሩ ግን ለሙከራ ተይዞ የተረሳውም ሁሉ ሒሳብ መቍጠሩን አይተውም።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማእከል አገልግሎት የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችን ሥራ በአንድ ስፍራ ሰብስቧል። እንዲህ ባለ ሥራ ባለጉዳዩ የሚያየው አንዱን መስኮት ነው፤ ከበስተኋላ ግን ማንነትን የሚያረጋግጥ፣ ክፍያን የሚቀበል፣ መዝገብን የሚይዝ ብዙ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በዓይነቱ ብቻ ተዘርዝሮ እንደ ሆነ አንዱ በተበላሸ ጊዜ የትኛው አገልግሎት እንደሚቆም፣ ማንስ ተጠርቶ እንደሚያድነው አይታወቅም።

ስለዚህ የሚሻለው መንገድ በአንድ አገልግሎት ስም ሥር የሚያገለግለውን ሁሉ አስተባብሮ መመዝገብ ነው። በመዝገቡም የኃላፊው ስም፣ የሥራው አስቸኳይነት፣ ለሕዝብ የሚሠራ ወይም ለሙከራ የተያዘ መሆኑ ይጻፋል። ጉግልም በ2016 ዓ.ም. አፕ ሀብ የተባለውን መሣሪያ ያወጣው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን ሥርዓትን አይተክልም፤ አገልግሎቱ ቢቋረጥ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያውቀው የሥራው ሹም ነውና ምዝገባው ለባለሙያ ብቻ ሊተው አይገባም።

የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ንዋየ ቅድሳትን በመዝገብ ተረክቦ በመዝገብ ያስረክባል። በዓይን የማይታየውን የመንግሥት ንብረት የተረከበ ሹምም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባውም።