በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ፍለጋ
በሩዌንዞሪ ተራሮች ሰባት ቀን በእግር

አምና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ በአፍሪካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ግግር በረዶ የሚገኝባቸው ሦስት ስፍራዎች እንዳሉ፣ እነርሱም ኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ መሆናቸውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። ሦስቱም ከምድር ወገብ ብዙ የማይርቁ ናቸው አልሁ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እርስዎ አይተውታል?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወኝም። በአራት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ ስለ ግግር በረዶ ብዙ ገጽ አንብቤአለሁ፤ ተፈትኜ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። በዓይኔ ያየሁት በረዶ ግን በሐምሌ ወር የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው ብቻ ነበር።

በዚህ ነገር ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ለውርጭ ስም አለን፤ ለአመዳይ ስም አለን፤ ለበረዶ ስም አለን። ከዓመት ዓመት እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ፣ እንደ ወፍራም ማር ቀስ እያለ ቁልቁል ለሚፈሰው ነገር ግን አባቶቻችን ስም አላወጡለትም፤ አላዩትማ። ስለዚህ «ግግር በረዶ» እንለዋለን።

የሁለት ዓመት ቁጠባዬና የዕቁብ ዕጣዬ ተደምረው መንገዱን አስቻሉኝ። ጓደኛዬ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ እሱም ተከተለኝ። ጊዜው እንደ ልብ ነበር፤ እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲበረታ፣ እዚያ ደግሞ ዝናቡ የሚቀንስበት ወራት ነውና። በአየር እስከ እንቴቤ፣ ከዚያም ከካምፓላ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘን ካሴሴ ከተማ ደረስን። ሻንጣችን ውስጥ ከመኝታ ከረጢትና ከሹራብ ሌላ እናቴ ያዘጋጀችው በሶና ቆሎ ነበረ።

ሩዌንዞሪ አንድ ተራራ አይደለም፤ በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሰንሰለት ነው። ኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ይኸኛው ግን ስምጥ ሸለቆው ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ ወደ ላይ የተገፋ እጅግ ጥንታዊ አለት ነው። ከስድስቱ ዋና ዋና ተራሮች ከፍተኛው ስታንሊ ይባላል፤ የእርሱም ጫፍ ማርጌሪታ 5,109 ሜትር ሲሆን፣ በአፍሪካ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው።

የዚህ ተራራ ታሪክ የሚያስገርመው ለብዙ ዘመን ሲወራለት ኖሮ የሚያየው ሰው መጥፋቱ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቶለሚ የተባለው የእስክንድርያ ሊቅ በሁለተኛው መቶ ዘመን፣ የናይልን ምንጮች የሚመግቡ ባለ በረዶ «የጨረቃ ተራሮች» አሉ ብሎ ጽፎአል። እርግጥ ከሩዌንዞሪ የሚወርደው ውሃ በሐይቆች አልፎ ነጭ ናይል ይገባል፤ ግብጽ የሚደርሰው ውሃ አብዛኛው ከእኛው ዐባይ መሆኑን ግን ሊቁ አልነገረንም። ሳሙኤል ቤከር በ1864 አልበርት ሐይቅ ደርሶ በአቅራቢያው በረዶ መኖሩን ሳያውቅ ተመለሰ። ኤሚን ፓሻም በዚያው ሐይቅ አካባቢ ዓመታት ኖሮአል። ደመናው ተራራውን እንደ ነጠላ ስለሚከናነበው ማን ይየው! በመጨረሻ በግንቦት 1888 ሄንሪ ስታንሊ በዚያ ሲያልፍ፣ አንድ ልጅ በጨው የተሸፈነ ተራራ ነው እያለ ጠቆመው። እኔ ይህን ሳነብ ልጁን ወደድሁት። ነጭ ነገር በተራራ ላይ ቢያይ የእኛም አገር ልጅ አሞሌ ነው ማለቱ አይቀርም።

ከጫፍ የወጣው የኢጣሊያው መስፍን የአብሩዚው ሉዊጂ አሜዴዎ ነው፤ ቀኑም ሰኔ 18 ቀን 1906። ከአውሮፓ ባመጣቸው የተራራ መሪዎችና በብዙ ተሸካሚዎች ታግዞ ከፍተኞቹን ጫፎች አንድ በአንድ ወጣ፤ ካርታቸውን አነሣ፤ ስምም ሰጣቸው። ሁለቱን ታላላቅ ጫፎች ማርጌሪታና አሌክሳንድራ ብሎ በኢጣሊያና በእንግሊዝ ንግሥቶች ሰየማቸው። (ይኸው ሰው በ1928 እና በ1929 ወደ አገራችን መጥቶ የዋቢ ሸበሌን ምንጭ መርምሮአል።) ካርታውን ስትመለከቱ ስታንሊ፣ ስፔክ፣ ቤከር፣ ኤሚን፣ ጌሲ፣ ሉዊጂ ይላል። ዕቃውን ተሸክመው ያወጡት የባኮንዞ ሰዎች ስም ግን በአንዱም ተራራ ላይ የለም።

እኛንም ያወጡን የእነዚያው ልጅ ልጆች ናቸው። ኒያካሌንጂጃ በምትባል መንደር፣ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጉዞው ተጀመረ። መሪያችን ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ዝምተኛ ሰው ነው። አዲስ የገዛሁትን የቆዳ ጫማ አየና፣ ለበረዶው አስቀምጠው ብሎ በምትኩ ቦቲ እንዳጠልቅ አዘዘኝ። ተራራ ለመውጣት ቦቲ ማድረግ ለእኔ የገበሬ ማሳ መግባት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን አመሰገንሁት።

ምክንያቱም ሩዌንዞሪ ማለት ጭቃ ማለት ነው። በዓመት ከሁለት ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድበታል፤ ዝናቡ በሚቀንስበት ወር እንኳን ሳይዘንብ የዋለ ቀን አላየንም። የመጀመሪያው ቀን መንገድ በደን ውስጥ ነው፤ የማታው ማደሪያ ኒያቢታባ 2,651 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከእንጦጦ ዝቅ ያለ ስለሆነ እኛ የደጋ ልጆች ነን እያልን እየዘፈንን ገባን። በማግስቱ ቀርከሃው አልቆ አስታው ሲጀምር ዘፈኑ ቆመ። አስታን በሰሜንና በባሌ የምናውቀው ነው፤ እዚህ ግን ትልልቅ ዛፍ ሆኖ፣ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ወፍራም በሆነ አረንጓዴ ነገር ተጠቅልሎ፣ የዛፍ ሽበት እንደ ባሕታዊ ጢም ተንጠልጥሎበት ይታያል። እግር የሚያርፈው በሥር፣ በድንጋይ ወይም በጭቃ ላይ ነው፤ ከሦስቱ የሚሻለውን መምረጥ የመንገደኛው ሙሉ ሥራ ነው። በሦስተኛው ቀን የቢጎ ረግረግ መጣ። ከፊሉ የእንጨት ድልድይ ተሠርቶለታል፤ ድልድዩ በሌለበት ከሣር ጉብታ ወደ ሣር ጉብታ መዝለል ነው። ጓደኛዬ አንዱን ሳተና እስከ ጭኑ ገባ። ሁለት ተሸካሚዎች ብብቱን ይዘው ሲስቡት እሱ ወጣ፤ ቦቲው ቀረ።

ተሸካሚዎቹ የእኛን ሻንጣ ከራሳቸው ምግብና ብርድ ልብስ ጋር በግንባራቸው በሚያልፍ ጠፍር አንግተው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ እኛ በአራት እግር የምናልፈውን ቀጥ ብለው ያልፉታል። ማታ ማታ እሳት ዳር ከእነርሱ ጋር እንቀመጥ ነበር። በሶውን ቀመሱት፤ አንደኛው ወደደው፤ ሌሎቹ በጨዋነት ዋጡት። በጨለማው ውስጥ ሽኮኮ እንደ ሰው ይጮኻል። መጀመሪያ የሰማሁ ሌሊት፣ አላፍርም፣ ጓደኛዬን ቀሰቀስሁት።

ባኮንዞ በረዶውን ንዙሩሩ ይሉታል። በቀደመው እምነታቸው ኪታሳምባ የተባለው ኃያል መንፈስ የሚኖረው በዚያ ነው፤ ስለዚህ በረዶው ለእነርሱ መልክዓ ምድር ብቻ አልነበረም። መሪያችን ክርስቲያን ነኝ አለኝ፤ ነገር ግን በዚያ አካባቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁትም። ተራራው ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1991 ነው። ከ1997 እስከ 2001 ድረስ በሽፍቶች ጦርነት ምክንያት ለጎብኚ ተዘግቶ ነበር፤ እነዚያን ዓመታት እንዴት እንደኖሩ ስጠይቀው ካሳቫ ቆፈርን ብሎ ዝም አለ።

በአራተኛው ቀን ከቡጁኩ ሐይቅ በላይ ያለው ሸለቆ ሌላ ዓለም ነው። ጅብራ በዚያም አለ፤ የእኛው ጅብራ የቅርብ ዘመድ ነው። ከእርሱም ጋር ሰው የሚያካክሉና ሰው የሚበልጡ፣ ደረቅ ቅጠላቸውን እንደ ካፖርት በግንዳቸው ላይ የሚያከማቹ ዕፅዋት ቆመዋል። ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ ያ ካፖርት በእውነትም ካፖርት ነው፤ በየሌሊቱ ውርጭ ስለሚወርድ ግንዱ እንዳይቀዘቅዝ ይጠብቀዋል። እዚያ ሰዓት ሙሉ ፎቶግራፍ ሲያነሣ እኔ ተቀምጬ ትንፋሼን እፈልግ ነበር።

ማታውን በኤሌና ጎጆ አደርን። ከፍታው 4,541 ሜትር ነው፤ ራስ ደጀን 4,550 ነውና አገራችን ውስጥ ቢሆን ከፍተኛው ጫፍ ላይ ተኛን ማለት ነው። ይሁን እንጂ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። ራሴ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ መብራት በግንባራችን አስረን፣ በእርጥብ አለት ላይ በእጅና በእግር ወጣን። ጎሕ ሳይቀድ መሪያችን ቆመና ከጫማችን ሥር ባለ ጥርስ ብረት አሰረልን። ጎንበስ ብዬ መሬቱን ዳሰስሁ። ግግር በረዶ ነው። አሸዋና ጥቀርሻ የመሰለ ትቢያ የተቀላቀለበት፣ ሻካራ፣ እጅን እንደ እሳት የሚያቃጥል። ነጭ መስሎኝ ነበር፤ በመብራቱ ሥር ግራጫ ነው።

አንድ መቶ እርምጃ ያህል በገመድ ተያይዘን እንደሄድን አስታወከኝ። ትንሽ ቆይቶ ደገመኝ። ሦስተኛ ጊዜ መሪያችን ዓይኔን በመብራት አየና በቃ አለ። ተከራከርሁት። ገንዘቡን፣ መንገዱን፣ የክፍሌን ልጆች ሳይቀር ነገርሁት። ሰውየው አልተቆጣም፤ የከፍታ በሽታ የሚያድነው መውረድ ብቻ መሆኑን አስረድቶ ገመዱን ከወገቤ ፈታ። ጓደኛዬ ከረዳቱ ጋር ወደ ማርጌሪታ ቀጠለ። እኔ ወረድሁ። ማርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቅሁበትን ቀን የሚያህል ውርደት ተሰማኝ።

ነገር ግን የመጣሁበትን ነገር ያየሁት በዚያ ቁልቁለት ነው። ፀሐይ ስትወጣ፣ ከበረዶው ጠርዝ በታች ያለው አለት እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ለስላሳ ሆኖ ታየ፤ በላዩም ረጃጅም ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰምረውበታል። ግግር በረዶ ሲንቀሳቀስ ከሥሩ የያዘውን ድንጋይ እንደ ሞረድ ይስበዋል ብዬ ያስተማርሁት ይህንኑ ነበር። መሪያችን ወደ ታች ራቅ ያለ አንድ የአለት ደረጃ አሳየኝ። በወጣትነቱ ሸክም ይዞ መጀመሪያ በመጣ ጊዜ በረዶው የሚያልቀው እዚያ ነበር። እኔ አሁን ከቆምሁበት ድረስ በእግሬ ቆጠርሁ፤ ሁለት መቶ ስሞላ አቆምሁ።

ቁጥሩን ሊቃውንት መዝግበውታል። በ1906 ስድስቱም ተራሮች ግግር በረዶ ነበራቸው፤ ስፋቱም በድምሩ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1987 ወደ 2 ወረደ። በ2003 ደግሞ ወደ 1። በኤሚን፣ በጌሲና በሉዊጂ ላይ የነበረው ከሁሉ ቀድሞ አልቆአል፤ ዛሬ ስሙ የሚገባው ግግር የቀረው በስታንሊ ላይ ነው። በአውሮፓ ያለው ግግር በክረምት ይከማቻል፤ በበጋ ይቀልጣል። በምድር ወገብ ግን እንዲህ ያለ ወቅት የለም፤ ከላይ እየጨመረ ከታች ዓመቱን ሙሉ ይቀልጣል። ስለዚህ ሙቀቱ በጥቂቱ ሲጨምር፣ ወይም ደመናው ሳስቶ ፀሐይ ሲበረታ፣ ወዲያው ይጎድላል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል በሚለው ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ በመጉደሉ ግን አንድም የሚከራከር የለም። እኛም ዘንድ በሰሜንና በባሌ ተራሮች በጥንት ዘመን ግግር በረዶ ነበረ፤ የቀረው እንዲህ ያለ ምልክት ብቻ ነው። ያ ግን ሰው መጽሐፍ መጻፍ ሳይጀምር በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ያለቀ ነው። የዚህኛው ግን የመሪያችን ዕድሜ በቃው።

ጓደኛዬ ከቀትር በፊት ተመለሰ። ጫፉ ላይ ደመና ብቻ እንዳየ ነገረኝ፤ እኔን ለማጽናናት ይሁን እውነቱን አላውቅም። ቁልቁለቱ በኪታንዳራ መንትያ ሐይቆች አድርጎ፣ ፍሬሽፊልድ የተባለውን በር ተሻግሮ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብን፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ጭቃ ነው፤ ስለ ጭቃው ደግሞ ተናግሬአለሁ። ከኒያካሌንጂጃ ስንሰናበት ቦቲዬን ለአንዱ ተሸካሚ ሰጠሁት። በልኩ አልነበረም፤ ለወንድሙ ይሆናል ብሎ ተቀበለኝ።

በካሴሴ አውቶቡስ ስንጠብቅ ሰንሰለቱ ያለበት አቅጣጫ ከግርጌው በቀር ደመና ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከየት እንደመጣን ጠይቆኝ፣ ከበረዶው አልሁት። በዚያች ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። እስቲ ምን ይመስላል ሲል ጠየቀኝ።