ያውቁ ኖሯል? ምግብ የምታማርጥ ድመት

ያውቁ ኖሯል? ድመት ጣፋጭ ነገር አይጣፍጣትም። የስኳርን ጣዕም ለመለየት ከሚያስፈልጉት ሁለት ጂኖች አንደኛው በድመት ዘር ውስጥ ከተበላሸ ቆይቷል። ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳወቁት ፊላደልፊያ የሚገኘው የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ አቦ ሸማኔ ላይም ያገኙት ያንኑ ነው። አይስክሬምዎን ስትልስ ካዩ ስቡን ፈልጋ እንጂ ስኳሩን ብላ አይደለም።

ታዲያ ምን ይጥማታል? ሥጋ ሥጋ የሚለው ነገር። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የእንግሊዙ የዋልታም ተቋም ጥናት የድመት ምላስ ኡማሚ የሚባለውን ጣዕም እንደሚለይ አሳይቷል። ቱና ደግሞ ይህን ጣዕም የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች በብዛት ተገናኝተው የሚገኙበት ዓሣ ነው። የቱና ቆርቆሮ ሲከፈት ከጓዳ እየሮጠች የምትመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሆኖም ከምላሷ ይልቅ የሚወስነው አፍንጫዋ ነው። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ የታፈነ ድመት የምትወደውን እንኳ ትተዋለች። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ ሽታው አይነሣም፤ ቀረብ ብላ ታሸትተዋለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ አንዳንዷማ ኩሷን እንደምትቀብር ሁሉ ሳህኑ አጠገብ ወለሉን ትጭራለች። ያንኑ ምግብ በታሰረ ላስቲክ አድርገው ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው ቢያቀርቡላት ጥርግ አድርጋ ልትበላው ትችላለች። የምትወደው ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ይጠጋል፤ ገና የተያዘች አይጥ ሙቀት መሆኑ ነው። በማይክሮዌቭ የሚያሞቁ ከሆነ አማስለው በጣትዎ ይሞክሩት፣ መሃሉ ሊያቃጥል ይችላል።

አይጥን ካነሣን አይቀር፣ አንዲት አይጥ 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ናት። 4 ኪሎ የምትመዝን የቤት ድመት ደግሞ በቀን ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ተፈጥሮዋ በቀን ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት መብላት ነው። ግማሹን ትታ ብትሄድ «ጠላችው» ብለው ሌላ ቆርቆሮ ለመክፈት አይቸኩሉ፤ ጠግባ ይሆናል። የተረፈውን ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ሳህን ላይ አያቆዩት፤ እርጥብ ምግብ ቶሎ ይበላሻል።

ያውቁ ኖሯል? ድመቶች ምርጫው ሲተውላቸው ሒሳብ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ሙከራ የተለያየ ይዘት ያላቸው ምግቦች የቀረቡላቸው ድመቶች እየቀላቀሉ ሲበሉ፣ ከሚያገኙት ካሎሪ 52 በመቶ ያህሉን ከፕሮቲን፣ 36 በመቶውን ከስብ፣ ቀሪውን 12 በመቶ ከካርቦሃይድሬት ወደ ማድረግ አዘነበሉ። እኛ ማማረጥ የምንለው አንዳንዴ ይኼው ነው።

የቤት ድመት የዘር ግንዷ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ የዱር ድመት ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ከዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ከደረቅ ምድር የመጣ እንስሳ በመሆኗ ጥሟ ደካማ ነው፤ ውሃዋን ከምትበላው ሥጋ ማግኘት ለምዳለች። እርጥብ ምግብ ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውሃ ሲሆን ደረቁ 10 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ሐኪሞች የፊኛ ጠጠር ላለባት ድመትና በተለይ የሽንት ቧንቧው ለሚዘጋበት ወንድ ድመት እርጥቡን የሚመርጡት ሽንቱን ስለሚያቀጥነው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ድመቶች ልባቸው እየሰፋና እየደከመ ይሞቱ ነበር። በ1987 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፤ ታውሪን የሚባል፣ ከሥጋ የሚገኝ ንጥረ ነገር እጥረት ነበር። የሚገርመው የታመሙት ድመቶች ትርፍራፊ ለቃሚዎች አለመሆናቸው ነው። ይበሉ የነበረው ከሱቅ የተገዛ፣ የተሟላ ነው የተባለለት ምግብ ነበር። ታውሪን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ፤ አምራቾችም መጠኑን ጨመሩ። ዛሬ የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (አፍኮ) መስፈርት፣ ውሃው ሳይቆጠር፣ ለደረቅ ምግብ ቢያንስ 0.1 በመቶ፣ በቆርቆሮ ለታሸገው ግን እጥፉን 0.2 በመቶ ታውሪን ያዛል። የታሸገው ከደረቁ የበለጠ የሚጠየቅበት አንዱ ነገር ይኸ ነው።

ታውሪን በሽሮና በምስር ውስጥ የለም። ጾም ሲገባ ቤቱ ሁሉ የጾም ሲሆን ድመቷም አብራ የምትጾምበት ቤት ጥቂት አይደለም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ለነቀፋ ቢሆንም በሥነ ምግብ ዓይን ድመቷ ልክ ናት፤ ዓመሏን ብትረሳ ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። የጾሙም የፍስኩም ወጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቁላልተውም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ከወጡ ላይ ሥጋውን አውጥቶ መስጠት አያድናትም፣ መረቁ ገብቶበታልና።

ወደ ሱቁ መደርደሪያ እንምጣ። ቆርቆሮው ፊት ላይ ያለውን የሳልሞን ሥዕል ይለፉትና ጽሑፉን ያንብቡ። በአሜሪካ ደንብ ስሙ «ቱና» ብቻ ከሆነ፣ ለማምረት የተጨመረው ውሃ ሳይቆጠር፣ ከይዘቱ 95 በመቶው ቱና መሆን አለበት። «ቱና ዲነር» ካለ 25 በመቶ ይበቃል። «ዊዝ ቱና» ካለ 3 በመቶ ብቻ! «ቱና ፍሌቨር» ከሆነ ደግሞ ጣዕሙ መኖሩ ብቻ ነው የሚፈለገው። አንዲት ትንሽ ቃል ከ95 ወደ 3 ታወርዳለች፤ ዋጋው ግን ብዙም ላይወርድ ይችላል።

ሌላም አለ። ፕሮቲን 10 በመቶ የሚል ቆርቆሮና 32 በመቶ የሚል የደረቅ ምግብ ከረጢት ጎን ለጎን ቢያዩ የትኛውን ያነሣሉ? አይቸኩሉ። ቆርቆሮው 78 በመቶ ውሃ ከሆነ የሚቀረው 22 ነው፤ 10ን ለ22 ሲያካፍሉ 45 በመቶ ይመጣል። ከረጢቱ 10 በመቶ ውሃ ካለው 32ን ለ90 ያካፍሉ፣ 36 በመቶ ገደማ ነው። ለአዋቂ ድመት የአፍኮ ዝቅተኛው መስፈርት በዚሁ ስሌት 26 በመቶ ነው። ስልክዎ ላይ ያለው ካልኩሌተር ለዚህ ይበቃል።

ምግብ የምታማርጥ ድመት ያለው ሰው የሚጠመድበት ወጥመድ ግን እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሚወዷቸው፣ ንጹሕ የቱና ወይም የዶሮ ብጥስጣሽ ብቻ የያዙት ትንንሽ ጣሳዎች ሙሉ ምግብ አይደሉም። አውሮፓ ውስጥ «ኮምፕሊሜንታሪ»፣ አሜሪካ ውስጥ «ሰፕሊሜንታል ፊዲንግ» የሚል ጽሑፍ በደቃቁ ተጽፎባቸው ያገኛሉ፤ አልፎ አልፎ የሚሰጡ ናቸው ማለት ነው። የሚፈልጉት «ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ» የሚለውን ነው፤ አውሮፓ «ኮምፕሊት» ይላል። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የሚያገኙት የታሸገ ምግብም ብዙውን ጊዜ ከውጭ የገባ በመሆኑ እነዚሁ ቃላት ይኖሩበታል። እኔን ቢጠይቁኝ ከዋጋውም ከሥዕሉም በፊት የማየው ይህን መስመር ነው።

«ባይፕሮዳክት» የሚለው ቃል የምዕራቡን ሸማች ያስደነግጠዋል። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ጨጓራ ነው። ዱለት የሚበላ ሕዝብ በዚህ የሚደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም፤ ድመት አይጥ ስትይዝም የሆድ ዕቃውን ለይታ አትጥልም።

ጉበት ብቻ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። የቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገት አጥንቷን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። አጥንት የሌለበት ቀይ ሥጋ ብቻም ካልሲየም ይጎድለዋል፤ በግልገሎች ላይ አጥንት እስከ መስበር ይደርሳል። ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም ሊኖረው ይችላል። ወተትስ? አብዛኞቹ አዋቂ ድመቶች የወተቱን ስኳር በደንብ አይፈጩትም፣ ያስቀምጣቸዋል።

ቆርቆሮው ላይ «ግሬይን ፍሪ» (ከእህል ነጻ) የሚል ካዩም ስታርች የለውም ማለት አይደለም፤ በእህሉ ፈንታ ድንች ወይም አተር ገብቶ ይሆናል።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ አምራች ከ60 ሚሊዮን በላይ ቆርቆሮና ከረጢት እርጥብ ምግብ ከገበያ ሰብስቧል። ከቻይና የመጣው የስንዴ ግሉተን ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ተቀላቅሎበት ነበር፤ ሜላሚን በፕሮቲን ምርመራ ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ብዙ ድመቶችና ውሾች በኩላሊት መድከም ሞቱ። ያ ፋብሪካ ለብዙ የንግድ ስሞች ያመርት ስለነበር ርካሹም ውዱም ስም አብሮ ተሰብስቧል።

በልጅነቷ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የለመደች ድመት ስታድግ ሌላውን እንግዳ ታደርገዋለች። ለዚህ ነው ግልገል እያለች ልሙን፣ ቁርጥራጩን፣ መረቅ ያለውን እያፈራረቁ ማስለመድ የሚመከረው። አዋቂዋን ሲለውጡ አዲሱን ምግብ ከአሮጌው ጋር ከሩብ ጀምረው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀስ እያሉ ያብዙት። የማትቀበል ከሆነ አዲሱን በሌላ ሳህን ጎን ላይ ያስቀምጡላት፤ ማሽተቱ ራሱ ማስለመድ ነው። መድኃኒት ግን እዚያ ውስጥ አይደብቁ፣ አንዴ ካወቀችብዎ ምግቡንም ትተወዋለች።

«ትራብና ትበላለች» የሚለው ምክር ለውሻ ይሠራ ይሆናል፤ ለድመት አደገኛ ነው። በተለይ የወፈረች ድመት ለጥቂት ቀናት ካልበላች ሰውነቷ ስቧን ወደ ጉበቷ ያጎርፋል፤ ጉበቷም በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። በጊዜ ካልታከመች ይገድላታል። እንግዲህ ድመትዎ ሙሉ ቀን ምንም ሳትቀምስ ካለፈች ቆርቆሮ መቀያየሩን ትተው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።