ዕይታ የማይጋርድ የዴክ መከለያ፣ እንደ አቅማችን



ባለፈው ሰመር እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጠዋት ጠዋት በጓሯችን በኩል ባለው ዴክ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ ቡና ታፈላለች። አንድ ቀን «ጫካ አለን፣ ጫካ አለን ትሉኛላችሁ፤ እኔ ከዚህ የማየው ጣውላ ብቻ ነው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው። እኛ ቆመን የምናየውን ዛፍ ሁሉ፣ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነጭ ቀለም የተቀባው መከለያ ይጋርደዋል። ልነሣ ብዬ ምሰሶውን ስይዘው ደግሞ ተነቃነቀ። ልጆቼ በየቀኑ የሚደገፉት፣ ከመሬት 9 ጫማ ከፍ ብሎ ያለ ምሰሶ!

ሙያዬ ምህንድስና ቢሆንም ስድስት ዓመት ሙሉ ልብ ሳልለው ኖሬአለሁ። ከዚያች ጠዋት በኋላ ማታ ማታ የሠራሁትን ሒሳብ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ደንቡን እንወቅ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብ፣ የዴኩ ወለል ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ መከለያ ግዴታ ነው ይላል። የመከለያው ቁመት ቢያንስ 36 ኢንች መሆን አለበት፤ እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ቦታዎች ግን 42 ኢንች ነው። ሕፃን ልጅ ሾልኮ እንዳይወድቅ፣ በክፍተቶቹ መካከል 4 ኢንች ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም። የላይኛው አግዳሚ ደግሞ በ200 ፓውንድ ጉልበት ቢገፋ መቻል አለበት። ከተማችሁ የራሱ ጭማሪ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር የምትኖሩም ቀለሙን ሳይቀር አስፈቅዱ።

ቀጥሎ ዕይታን የሚጋርደው ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። የተለመደው አራት ማዕዘን የእንጨት ቋሚ ውፍረቱ 1.5 ኢንች ነው። በመካከሉ 3.75 ኢንች ክፍተት ብንተው፣ ፊት ለፊት ከምናየው 29 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። በምትኩ 0.75 ኢንች ውፍረት ያለው ክብ የአሉሚኒየም ዘንግ ብንጠቀም ሽፋኑ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። በየ3 ኢንቹ የተወጠረ 0.125 ኢንች የብረት ገመድ ደግሞ የሚሸፍነው 4 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ጎን አሻግረን ስናይ ልዩነቱ ይብሳል፤ የአራት ማዕዘኑ ጎን ሲደመርበት የበለጠ ይጋርዳል፣ ክቡ ግን ከየትም ቢታይ ውፍረቱ ያው ነው።

ቀለምም ዋጋ አለው። ነጭ ነገር የፀሐይ ብርሃን ስለሚመልስ ዓይናችን እሱው ላይ ይቀራል። ጥቁር ግን ከኋላው ካለው ዛፍና ጥላ ጋር ይዋሐዳል። የመስኮት ወንፊት ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ግራጫ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ከሁሉ የሚረክሰው ሙሉ በሙሉ ከታከመ እንጨት የሚሠራው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። አንደኛው የእንጨት ምሰሶና አግዳሚ ላይ ጥቁር የአሉሚኒየም ዘንግ መግጠም ነው። ለ30 ጫማ ርዝመት 80 ያህል ዘንግ ይበቃል፤ የእጅ ሥራ የሚችል ሰው ራሱ ሊገጥመው ይችላል። ሁለተኛው በእንጨት ፍሬም ውስጥ የሚገባ የተበየደ የሽቦ መረብ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለከብት አጥር ከሚሸጡት ብዙዎቹ ቀዳዳቸው ከ4 ኢንች ስለሚሰፋ ለዴክ አይሆኑም።

የብረት ገመድ ሲያዩት ያምራል፣ ነገር ግን ወጪው ገመዱ ላይ አያበቃም። እያንዳንዱ ገመድ በ200 ፓውንድ ቢወጠር፣ 11 ገመዶች የመጨረሻውን ምሰሶ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ይጎትቱታል። በመሆኑም ጠንካራ ምሰሶዎች፣ እነርሱም በየ3 ወይም 4 ጫማው ያስፈልጋሉ። አግድም ስለሆነም መንጠላጠል ለሚወድ ልጅ መሰላል ይሆናል። መስታወት ዕይታውን ሙሉ ለሙሉ ይተወዋል፤ ሆኖም ውድ ነው፣ የደኅንነት መስታወት መሆን አለበት፣ ዘወትር መወልወል ይፈልጋል፣ ወፎችም ይጋጩበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ገንዘባችሁን ምሰሶው ሥር አውሉት። የላይኛው አግዳሚ በ200 ፓውንድ ሲገፋ፣ ምሰሶው እንደ ረጅም መፈንቀያ ሆኖ ከወለሉ በታች ያሉትን ብሎኖች ይጎትታል። ከጫፍ እስከ ታችኛው ብሎን 44 ኢንች፣ በሁለቱ ብሎኖች መካከል ደግሞ 5 ኢንች ቢሆን፣ የላይኛው ብሎን የሚደርስበት ኃይል 1,760 ፓውንድ ነው። የእኔ ምሰሶ ሥሩ ተቦርቡሮ በሁለት ሚስማር መሰል ብሎን ብቻ ከጠርዙ ጣውላ ጋር ተያይዞ ነበር። ምሰሶው ሳይቦረቦር፣ ጭነቱን ከጠርዙ ጣውላ አልፎ ወደ ውስጥ ወራጆች በሚያስተላልፍ የብረት ማያያዣ መታሰር አለበት።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ጥቁር ዘንግ ነው። የላይኛውን ጣውላ በጠርዙ ከማቆም ይልቅ ጠፍጣፋውን አስተኛሁት፤ በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚጋርደው 1.5 ኢንች ብቻ ሆነ። ገመዱን በመተው የተረፈኝን ገንዘብ ለምሰሶዎቹ ማያያዣ አዋልኩት።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በዚህ ቅዳሜ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ሆናችሁ፣ ክብደታችሁን ሳትጥሉበት፣ እያንዳንዱን ምሰሶ በእጃችሁ ወዝወዝ አድርጉት፤ የሚነቃነቅ ካለ እስኪጠገን ማንም እንዳይደገፈው። ከዚያ እንግዳችሁ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አሻግራችሁ ተመልከቱ። መከለያ ለመምረጥ ሱቅ የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ቸር ይግጠመን።