ከሴንሰሩ በፊት ቱቦው

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ቆሰበር፣ ማለትም እንጅባራ ላይ ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል እስከ ጉባ ይዘልቃል። የሕዳሴ ግድብ ሥራ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከባድ መኪኖች በዚህ መስመር ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ከፋግታ ለኮማ ደግሞ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ተጭኖ ወደ መሐል አገር ይወጣል። እንዲህ ያለ የጭነት መኪና ዳገት ላይ ጉልበት አንሶት ጥቁር ጭስ ሲተፋና ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲያበራ፣ ጣት የሚቀሰረው ቶሎ ብሎ ቱርቦው ላይ ወይም ሴንሰሩ ላይ ነው። የጭስ ግፊት ሴንሰር ባለው መኪና ላይ ግን ከሁለቱም አስቀድሞ መታየት ያለበት እንደ እርሳስ የቀጠነ አንድ የብረት ቱቦ አለ። በደጋ አገር ደግሞ ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ የበለጠ ያዋጣል።

ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ቱርቦውን ለማሽከርከር ሲጋፋ ማኒፎልዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ግፊት አይቶ፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት፣ የቱርቦውን ክንፎች ይከፍታል ይዘጋል፤ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውንም ጭስ ይመጥናል። ነገር ግን ጭሱ መኪናው ሲጫን ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ስለሚችል ሴንሰሩን እዚያው ማሰር አይቻልም። ቱቦው ግፊቱን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ያደርስለታል። ናቪስታር ሠርቷቸው ፎርድ በፓወር ስትሮክ ስም የሸጣቸው የ7.3 እና የ6.0 ሊትር ናፍጣ ሞተሮች በዚህ ቱቦ መደፈን ይታወቃሉ። የጥላሸት ማጣሪያ (ዲፒኤፍ) የተገጠመላቸው መኪኖችም ከማጣሪያው ፊትና ኋላ ግፊት የሚወስዱ ቱቦዎች አሏቸው፤ የሁለቱን ልዩነት ሴንሰር ይለካዋል።

ቱቦው የሚደፈንበት ምክንያት አሠራሩ ውስጥ ነው። በአንድ ጫፉ ሴንሰሩ ስለዘጋው ጭስ ይገባበታል እንጂ አያልፍበትም፤ ስለዚህ የገባውን ጥላሸት ጠርጎ የሚያወጣ ነገር የለም። በቀዝቃዛው ጫፍ የጭሱ እርጥበት ውሃ ይሆንና ከጥላሸቱ ጋር ተለውሶ ይደርቃል፤ ናፍጣው ድኝ ካለው ደግሞ አሲድ ሆኖ ብረቱን ከውስጥ ይበላል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ ጉድለቱን ቢያካክስም፣ ሞተር ሲነሳና ጭነት ይዞ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ቱርቦው ገና አየር አልሞላም፤ ናፍጣው ከአየሩ ይበልጣል፣ ጥላሸትም ይበዛል።

ከፍታው ምርመራውንም ያሳስታል። ፍጹም ግፊት የሚለካ ሴንሰር ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሲነበብ የአካባቢውን አየር ግፊት ማሳየት አለበት። በባሕር ጠለል ይህ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ አባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ወደ 90፣ እንጅባራ ላይ ደግሞ ወደ 74 ይወርዳል። የጥገና መጽሐፍ ላይ 101 ያነበበ መካኒክ 74 ሲያይ ጤነኛ ሴንሰር አውጥቶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ንባቡን በዚያው መኪና ላይ ካሉት የከባቢ አየርና የማስገቢያ ግፊት ሴንሰሮች ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ ሞተሩ ሳይነሳ ሦስቱም መቀራረብ አለባቸው። ተቀራርበው ሳለ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው የጭሱ ግፊት ካልጨመረ፣ ወይም ሞተሩ ጠፍቶ ከቆየ በኋላም ግፊቱ ካልወረደ፣ ቱቦው ተደፍኗል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ቅያሪው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶው ላይ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተረጭቶ ይቆያል፤ ከዚያ አንዱ ቁልፍ መቀመጫውን ይዞ ሌላው ዳዶውን ይፈታል። ይህ ካልተደረገ መቀመጫው አብሮ ይዞርና ቱቦው ይጠመዘዛል፣ ወይም ጥርሱ ማኒፎልዱ ውስጥ ይቀራል። የማኒፎልዱ ቀዳዳም በሽቦ ይጸዳል፤ ቀዳዳው ተደፍኖ አዲስ ቱቦ ማሰር ትርፉ ድካም ነው። ሴንሰሩ ሳይወልቅ በኮምፕረሰር መንፋት ደግሞ ሴንሰሩን ይገድላል። ተተኪው እንደ ነባሩ ብረት፣ በርዝመትም በውስጥ ስፋትም እኩል ይሁን፤ ጎማ ከማኒፎልዱ ጋር ሲገናኝ ይቀልጣል። መሐሉ ጎድጉዶ ከታሰረም ውሃ ያቁራል። ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ይያዙ፣ በቁልፍ የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው።

«ፊያት ኤንትሬ ያለ አንድ ሴንሰር ስንት ዘመን ሠራ፤ ሶኬቱን መንቀል ነው» የሚል ክርክር አይጠፋም። እውነት ነው፤ የኤንትሬው ሞተር ግን ሲሠራም ሴንሰር አይጠብቅም ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር ሶኬቱ ሲነቀል በግምት ይሠራል። ለአንድ ቀን ምርመራ ይረዳ ይሆናል፤ ለዘለቄታው ግን ነዳጅ ያስበላል፣ ቱርቦውንም ያለ ልክ ያሠራል። «ማጽዳት ይበቃል፣ መቀየር ለምን?» ለሚለውም ቱቦው ሲወልቅ ራሱ ይመልሳል፦ በሽቦና በማሟሚያ ከጸዳና ብረቱ ካልተበላ ይመለስ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዝገቱ ካሳሳው ይቀየር። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ቱቦው ጥላሸቱን አያመርትም የሚለው ነው። ልክ ነው፤ አዲሱ ቱቦ ቶሎ ከተደፈነ ኢንጀክተሩና የአየር ማጣሪያው መመርመር አለባቸው። ይህም ቢሆን «ቱቦው ይቅደም» የሚለውን ክርክር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ኢንጀክተርም ሆነ ቱርቦ የሚመረመረው በንባብ ነውና፣ ንባቡን የሚያመጣው ቱቦ ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ የሚገዛ መለዋወጫ ሁሉ በግምት የተገዛ ነው።