የቀድሞ የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያዎችን ከዛሬው ቴሌቪዥን ጋር ስለ ማገናኘት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ1983 እስከ 2006 ድረስ ለገበያ የወጡትን የቴሌቪዥን ጨዋታ መሣሪያዎች ዛሬ በየቤቱ ከሚገኘው ስስ ቴሌቪዥን ጋር ለማገናኘት የሚስማማው ኬብል እንዴት እንደሚመረጥ ማስረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የኬብሉን አንድ ጫፍ ከመሣሪያው፣ ሌላውን ጫፍ ከቴሌቪዥኑ ሰክቶ መጫወት ነውና። ይሁን እንጂ ጤነኛ የሆነ መሣሪያ «ምስል አልሰጥ አለ» ተብሎ ሊጣል ይችላል፤ ምስል የሰጠውም «የዱሮ ነገር ስለ ሆነ ነው የደበዘዘው» ተብሎ ይናቃል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ሳይሆን በመሣሪያው፣ በኬብሉና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለው አለመግባባት ነው። እንግዲህ የአንድ ዘመን ሥራ ያለ በደሉ እንዳይፈረድበት ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል።

ሀ. መሣሪያው ስለሚያወጣው ምስል

የቀድሞው ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሥለው በመስታወት ቱቦው ውስጥ የሚወረወረው የኤሌክትሮን ጨረር መሥመር በመሥመር እየተጓዘ ነበር። በአሜሪካና በጃፓን የተደነገገው የመሥመር ቍጥር 525፣ በአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ 625 ነው። ጨረሩ እነዚህን መሥመሮች ባንድ ጉዞ አይጨርሳቸውም፤ በመጀመሪያ ጎዶሎ ቍጥር ያላቸውን፣ ቀጥሎ ተጋማሾቹን ይሥላል። ይህም ግማሽ ምስል በአሜሪካ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል፣ በአውሮፓ 50 ጊዜ ይመጣል።

የጨዋታ መሣሪያ ሠሪዎች ግን ይህን ሥርዐት እንዳለ አልተቀበሉትም። ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን ያወጣው ፋሚኮምም ሆነ ሴጋ በ1988 ያወጣው ሜጋ ድራይቭ በአብዛኛው የሚልኩት ሁልጊዜ በዚያው መሥመር ላይ ደጋግሞ የሚያርፍ፣ 240 መሥመር ያህል ያለው ምስል ነው። ባለሞያዎች ይህን «240 ፒ» ይሉታል። በመስታወት ቱቦው ላይ ይህ ምስል የረጋና የጠራ ሆኖ ይታይ ነበር።

የዛሬው ቴሌቪዥን ጨረር የለውም፤ በቋሚ ነጥቦች የተሞላ ገበታ ነው። ነጥቦቹም ወደ ጐን 1920፣ ወደ ታች 1080፣ ወይም 3840 በ2160 ናቸው። ስለዚህ የመጣለትን 240 መሥመር አስፍቶ ገበታውን መሙላት ግዴታው ነው። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ለ. ስለ ኬብሎች ዐይነትና ደረጃ

ኬብሎች የሚለያዩት በዋጋቸው ሳይሆን ምስሉን ምን ያህል ቀላቅለው ወይም ለያይተው በማጓጓዛቸው ነው።

ከሁሉ ዝቅ ያለው የአንቴና ኬብል ነው። ምስሉና ድምፁ ባንድነት ተቀላቅለው እንደ ጣቢያ ሥርጭት በማዕበል ላይ ይጫናሉ፤ ቴሌቪዥኑም ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ፈልጎ ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው ፋሚኮም ከዚህ ሌላ መውጫ አልነበረውም።

ሁለተኛው ኮምፖዚት የሚባለው፣ ቢጫ መሰኪያ ያለው ነው፤ አብረውት ያሉት ቀይና ነጭ የድምፅ ናቸው። እዚህ ላይ ድምፁ ተለይቷል፤ ነገር ግን ብርሃኑና ቀለሙ ገና ባንድ ሽቦ ይሄዳሉ። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን ለመለየት ሲሞክር ፈጽሞ ስለማይሳካለት በቀለማት ድንበር ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ሲርመሰመሱ፣ ቀይ ጽሕፈትም ከመሥመሩ ወጥቶ ሲፈስ ይታያል።

ሦስተኛው ኤስ ቪዲዮ ነው። አራት እግር ያለው ክብ መሰኪያ ሲሆን ብርሃኑን በአንድ ሽቦ፣ ቀለሙን በሌላ ሽቦ ይወስዳል። ከቢጫው ወደዚህ መሻገር በዐይን በግልጽ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

አራተኛው አር ጂ ቢ ነው። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ ይሄዳሉ። በአውሮፓ ይህ የሚያልፈው ከፈረንሳይ በመጣው፣ 21 እግር ባለው ስካርት በተባለ መሰኪያ ነው።

አምስተኛው ኮምፖነንት ነው፤ ሦስት የምስል መሰኪያዎች አሉት። አረንጓዴው ብርሃኑን፣ ሰማያዊውና ቀዩ የቀለሙን ልዩነት ይይዛሉ። ከነዚህ ጋር ሌላ ቀይ የድምፅ መሰኪያ ስላለ ሁለቱን ቀዮች ማቀያየር የተለመደ ስሕተት ነው።

የመጨረሻው ኤች ዲ ኤም አይ ሲሆን የመጀመሪያው ደንቡ የወጣው በ2002 ነው። ምስሉን እንደ ማዕበል ሳይሆን እንደ ቍጥር ያስተላልፋል። ስለዚህ በአንድ ወገን ቢጫ መሰኪያ፣ በሌላ ወገን ኤች ዲ ኤም አይ ያለው ተራ ሽቦ፣ በመካከሉ ለዋጭ ከሌለው በቀር፣ ምንም ሊሠራ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ልንናገር እንወዳለን። ማንኛውም ኬብል መሣሪያው ያላወጣውን ምስል አይፈጥርም። በወርቅ የተለበጠ ቢጫ መሰኪያ ያው ቢጫ መሰኪያ ነው። ከደፈረሰ ምንጭ የተቀዳ ውሃ እንስራው ስለ ታጠበ አይጠራም።

ሐ. መሰኪያው መምሰሉ በቂ ስላለመሆኑ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ደረጃ ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚያወጣው የተለያየ ነውና።

የኒንቴንዶን ሦስት መሣሪያዎች እንመልከት። በ1990 የወጣው ሱፐር ፋሚኮም፣ በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 እና በ2001 የወጣው ጌም ኪዩብ የመሰኪያቸው ቅርጽ አንድ ነው። ነገር ግን ሱፐር ፋሚኮም አር ጂ ቢ ሲያወጣ ኒንቴንዶ 64 አያወጣም። የመጀመሪያውን የአር ጂ ቢ ኬብል ለሁለተኛው የሰካ ሰው መሰኪያው ልክክ ይልለታል፤ ምስል ግን አያገኝም። ለአሜሪካውና ለጃፓኑ ኒንቴንዶ 64 ከፋብሪካ እንደ ወጣ የተሻለው ኤስ ቪዲዮ ነው። የአሜሪካውና የአውሮፓው ሱፐር ኒንቴንዶም የአር ጂ ቢ ኬብሎቻቸው በውስጣቸው ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ስለሚለያዩ አንዱ ባንዱ ቦታ መግባት የለበትም።

ሶኒም በ1994፣ በ2000 እና በ2006 ላወጣቸው ሦስት ፕሌይስቴሽኖች ያንኑ መሰኪያ ጠብቋል። ሆኖም ኮምፖነንት የሚሰጡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ብቻ ናቸው፤ ለመጀመሪያው የሚሻለው አር ጂ ቢ ነው። የሴጋ ድሪምካስት በበኩሉ ለኮምፒዩተር ስክሪን በተሠራው ቪ ጂ ኤ ኬብል አብዛኞቹን ጨዋታዎቹን በ480 ሙሉ መሥመር ያወጣል። በ2006 የወጣው ዊ ኤች ዲ ኤም አይ ስለሌለው ኮምፖነንት ይስማማዋል።

መ. ስለ ቴሌቪዥኑ ድርሻ

ከሁሉ የበለጠ ቸል የሚባለው ይህ ክፍል ነው። ብዙ የዛሬ ቴሌቪዥኖች 240 መሥመር ሲመጣላቸው የተሟላ ምስል መሆኑን አያውቁም፤ የትልቅ ምስል ግማሽ መስሏቸው ከሚቀጥለው ጋር ሊያጋጥሙት ይሞክራሉ። የቀድሞ ጨዋታ ሠሪዎች ጥላን በስሱ ለማሳየት፣ ወይም የተመታን ሰው ለመለየት አንዱን ምስል ሥለው ቀጣዩን ይዘሉ ነበር። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን ሲያጋጥም ጥላው ወይ ይጠፋል፣ ወይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል።

ከዚህም በቀር የጊዜ ጉዳይ አለ። በሰከንድ 60 ምስል ሲመጣ አንዱ 17 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ ለማስተካከል ሲል ሦስት ምስል ይዞ ቢያቈይ 50 ሺኛ ሰከንድ ይዘገያል። ፊልም ለሚያይ ይህ ምንም አይደለም፤ ከገደል ጫፍ ላይ ለሚዘል ተጫዋች ግን መድረስና መውደቅን ይለያል። የቴሌቪዥኑን የጨዋታ ሁናቴ ማብራት መዘግየቱን ስለሚቀንስ ከማንኛውም ግዢ በፊት መሞከር ይገባል።

አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ደግሞ 240 መሥመርን በኮምፖነንት ጨርሶ አይቀበሉም። ፕሌይስቴሽን 2 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኮምፖነንት ተገናኝቶ የመክፈቻው ገጽ ደኅና ከታየ በኋላ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስክ ሲገባበት ምስሉ ድርግም ሊል ይችላል። ይህን ያየ ሰው ዲስኩን ወይም መሣሪያውን ይጠረጥራል፤ ሁለቱም ግን ጤነኞች ናቸው።

ለዚህ መድኃኒቱ በመካከል የሚገባ ለዋጭ ነው። ለዋጮች ግን እኩል አይደሉም። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ያንኑ የቴሌቪዥኑን ስሕተት ይደግሙታል። እንደ ኦ ኤስ ኤስ ሲ እና እንደ ሬትሮ ቲንክ ያሉት ግን 240 መሥመርን እንደ ሙሉ ምስል ዐውቀው እንዲሠሩ የታቀዱ ናቸው፤ በተለይ ኦ ኤስ ኤስ ሲ ሙሉውን ምስል ሳይጠብቅ እያንዳንዱን መሥመር እንደ ደረሰ ስለሚያባዛው መዘግየቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሠ. ጥንቃቄ ስለሚያሻቸው ነገሮች

አንደኛ፣ የጃፓን 21 እግር መሰኪያ ቅርጹ ስካርት ቢሆንም የሽቦው አደራደር ልዩ ስለ ሆነ ከአውሮፓው ጋር መገናኘት የለበትም። ሁለተኛ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የቀድሞ መሣሪያ የኤሌክትሪክ መስጫው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ 220 ቮልት ካለው የአገራችን መሥመር ጋር ከማገናኘት በፊት የተጻፈበትን ማንበብ ያሻል። ሦስተኛ፣ በ1984 እንደ ወጣው እንደ ዳክ ሀንት ያሉት የጠመንጃ ጨዋታዎች በቱቦው የብርሃን ጊዜ ላይ የተመሠረቱ ስለ ሆኑ በዛሬው ቴሌቪዥን ላይ በኬብል ምርጫ ብቻ ሊሠሩ አይችሉም። ለነዚህ አሮጌውን ቴሌቪዥን ማቈየት ይሻላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ባጭሩ የምርጫው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ መሣሪያው የትኛውን ምስል እንደሚያወጣ፣ የተሠራውም ለየትኛው አገር እንደ ሆነ ይጣራ። ሁለተኛ፣ ቴሌቪዥኑ የትኞቹ መሰኪያዎች እንዳሉት፣ 240 መሥመርንም ይቀበል እንደ ሆነ ይፈተን። ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍተኛው ደረጃ ተገቢው ኬብል ነው፤ የማይገናኙ ከሆነ ብቻ ለዋጭ ይገዛል። ገንዘብም የሚወጣው በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሆን አይባክንም።

እነዚህ መሣሪያዎች ከፋብሪካ መውጣት ካቆሙ ቈይተዋል፤ ዛሬ የተጣለው አንዱ ነገ በሌላ አዲስ አይተካም። ስለዚህ «ተበላሽቷል» ብሎ ከመፍረድ በፊት በትክክለኛው ኬብል አንድ ጊዜ መፈተን ለባለቤቱም፣ ያንን ዘመን ለሚያጠናውም የሚበጅ ይመስለናል።