ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ራስ ደጀንን ለመውጣት የመጣ መንገደኛ አምቢኮ ያድራል። ከመንደሩ ሥር በገደሉ መካከል የሚወርደው የመሸሃ ውሃ ግን አያድርም፤ ከስሜን ተራሮች ከሚፈሱት ሌሎች ጅረቶች ጋር ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜ ላይ ደግሞ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የግድቡ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች አሉት። ስለ ግድብ ሲወራ የሚነሣው ቁመቱ፣ የሚይዘው ውሃና የሚሰጠው መብራት ነው። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው በፎቶግራፉ ላይ የማይታየውን ነገር ነው፤ አንድ ሠራተኛ ወደ ቆመ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚፈረመውን ወረቀትና በየመዝጊያው የሚንጠለጠለውን ጓጉንቸር። ወረቀቱን በየጣቢያው ‘ወርክ ፐርሚት’ ይሉታል፤ በአማርኛ የሥራ ፈቃድ ነው። ለውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው።

የሚሽከረከር ተርባይን ያስፈራል፤ ስለሚያስፈራም ማንም አይጠጋውም። ሰው የሚጠጋው ሲቆም ነው። ውሃ የበላውን ብረት ሊበይድ የመጣ ሠራተኛ ከጥቂት ሰዓት በፊት ወንዝ ይወረወርበት በነበረ ቧንቧ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይገባል። በዚያች ሰዓት በዙሪያው ያሉት ኃይሎች ዝም አሉ እንጂ አልሞቱም። 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብቻ ዐሥር ኩንታል ያህል ይጫናል፤ ያንን የያዘው የላይኛው በር ነው። ከታች በኩል ደግሞ የወጣው ውሃ በመጣበት መመለስ ይችላል። ውሃውን ወደ ተርባይኑ የሚመሩት ክንፎች የሚንቀሳቀሱት በታመቀ ዘይት ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶም ቢሆን በመካከላቸው ያለን ሰው ሊደፈጥጡ ይችላሉ። ጀነሬተሩ ራሱ ባያመነጭም ከዋናው መስመር ጋር የሚያገናኘው ብሬከር ከተዘጋ፣ ማለትም ከተገናኘ፣ ከመስመሩ ኃይል ይመጣበታል። በጠባቡ ቧንቧ ውስጥ የብየዳ ጭስ አየሩን ይበክለዋል። የትልልቅ አደገኛ ጣቢያዎች ደኅንነት ክፉኛ የሚፈተነው ማሽኑ ለጥገና በቆመበት ሰዓት ነው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሰውየውን ሕይወት የያዘው ሌላ ሰው የሚያውቀው ወይም የማያውቀው ነገር ነው።

ፈቃዱን የሚጠይቀው የጥገናው ኃላፊ ነው፤ የሚሰጠው በዚያ ሰዓት ጣቢያውን የተረከበው የፈረቃ ኃላፊ ነው። ወረቀቱ የትኛው ማሽን፣ የትኛው ቦታ፣ ምን ሥራ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል። የላይኛው በር ይዘጋል፣ የታችኛው ይዘጋል፣ በመካከል ያለው ውሃ ይፈስሳል፣ የዘይቱ ግፊት ይተነፍሳል፣ ብሬከሩ ይከፈታል፣ ሽቦው በመለኪያ ተነክቶ ከመሬት ጋር ይታሠራል። በእያንዳንዱ ላይ ጓጉንቸር ይገባል። ከዚያ ቁልፎቹ ሁሉ በአንድ ሣጥን ይከተቱና ሣጥኑን እያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ ጓጉንቸር ይቆልፈዋል፤ የራሱን ቁልፍ ኪሱ ይከታል። ዐሥር ሰው ከገባ ዐሥር ጓጉንቸር ይንጠለጠላል። ዘጠኙ ወጥተው አንዱ የረሳውን መፍቻ ሊያመጣ ቢመለስ፣ ያቺ አንዲት ጓጉንቸር ብቻዋን ሣጥኑን ይዛ ትቀራለች፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢመጣ እሷን አልፎ ውሃ መልቀቅ አይገባውም። ማንም ከመግባቱ በፊት ግን መሞከር ይቀራል። ተዘጋ የተባለው ማስነሻ ይጫናል፣ ማፍሰሻው ይከፈታል። ይህችን የምታህል ጥንቃቄ ዋጋዋ የጥቂት ደቂቃ ነው።

ወረቀቱ ከሰው ወደ ሰው ሳይተላለፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን ዓለም የተማረው በሰሜን ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 ‘ፓይፐር አልፋ’ በተባለው የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረክ ላይ ከሁለቱ ፓምፖች የአንደኛው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለፍተሻ ተነቅሎ፣ የቧንቧው አፍ በብረት ክዳን ተሸፍኖ ነበር። ሥራው እስከ ማታ አላለቀም። ሌሊት ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። የማታው ፈረቃ አንደኛውን ለማስነሣት ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ያገኘው ገና ያልተጀመረውን የፓምፑን ጥገና ፈቃድ እንጂ የቫልቩን አልነበረም። ቫልቩ የነበረበት ቦታም ከፓምፑ ርቆ ከፍ ያለ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ፓምፑን አስነሡት፤ ጋዙ በክዳኑ አመለጠ። 167 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት 61 ነበሩ። አደጋውን የመረመሩት ሎርድ ከለን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ዘገባ 106 ምክረ ሐሳቦች አቀረቡ፤ ከነዚያ መካከል የሥራ ፈቃድና የፈረቃ ርክክብ ጉዳይ ትልቅ ስፍራ ነበረው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ፓይፐር አልፋ ላይ እኮ ፈቃድ ነበር፤ ወረቀት ካላዳናቸው ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው። ቦታው ድረስ ሳይሄዱ የሚፈርሙት ወረቀት ከወረቀት ማጣትም ይከፋል፤ የሌለ እርግጠኝነት ያስይዛልና። ነገር ግን በዚያ ሌሊት የጎደለው ወረቀቱን የሞላ ሰው አልነበረም፤ የወጪው ፈረቃ ለገቢው ‘ይህ ቧንቧ ክፍት ነው’ ብሎ በቃሉ አለማስረከቡ፣ ፓምፑም እንዳይነሣ በጓጉንቸር አለመታሠሩ ነው። ሌላም ጉድለት አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2009 በሩስያ የሳያኖ ሹሸንስካያ የውሃ ኃይል ጣቢያ ሁለተኛው ተርባይን ክዳኑን በርቅሶ ወጣና 75 ሰዎችን ገደለ። ማሽኑ ከተፈቀደለት በላይ ሲንቀጠቀጥ ቆይቷል፤ ከተመረመሩት 49 የክዳኑ ብሎኖች 41ዱ በድካም የተሰነጠቁ ነበሩ። መለኪያው ተናግሯል፤ ‘ይቁም’ ያለ ሰው አልነበረም። መከልከል የማይችል ሰው የሰጠውን ፈቃድ እንደ ፈቃድ ልቆጥረው አልችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጥድፊያ ነው። ደባርቅ ወይም ዳባት መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ ጤና ጣቢያው ይቸገራል፣ ስልኩ በላይ በላዩ ይደወላል፤ በዚህ መካከል ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ወረቀት ይሙላ ማለት ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም ከደባርቅ ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ገና ከላይ ነው፤ ፍሬን ከጋለ በኋላ ማርሽ መፈለግ አያድንም። በዚህም ጊዜ አባከነ የሚለው ተሳፋሪ የለም። ‘ልምድ ያለው ሠራተኛ አይሳሳትም’ የሚለውም አያስኬድም፤ ልምድ የራስን እጅ ያስተካክላል እንጂ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሰብስቴሽን ውስጥ ብሬከር የሚዘጋውን የሌላውን ሰው እጅ አይይዝም። ‘ቀኑ የደረሰ ይሞታል’ ለሚለው ደግሞ መልሱ አምቢኮ ውስጥ አለ፤ በእግዚአብሔር የሚያምነው የበቅሎ ጫኝ ገደል ከመጀመሩ በፊት መቀነቻውን ያጠብቃል። ሕጉም ይህንኑ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቁን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ የሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲነገረውም ያዛል። ለእኔ የሥራ ፈቃዱ ያ ግዴታ ከአዋጅ ወርዶ ምሰሶው ሥር የሚገኝበት መልክ ነው።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የመስመር ሠራተኛው ብሬከሩ ተከፍቶለት፣ ጓጉንቸሩ ገብቶለት ምሰሶው ላይ ወጥቷል እንበል። ከተማው ጨልሟል። በዚያ ሰዓት አንድ ሆቴል ጀነሬተሩን ያስነሣል። የጀነሬተሩ ሽቦ የሕዝቡን መስመር ሳይለይ በቀጥታ ከቆጣሪው ጋር የተገናኘ ከሆነ፣ ኃይሉ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ትራንስፎርመሩም ወደ ኋላ ይሠራና 380 ቮልቱን ወደ 15,000 ቮልት ያወጣዋል። ሠራተኛው ከመሥራቱ በፊት ሽቦውን በመለኪያ ነክቶ ከመሬት ጋር ማሠር ያለበት ለዚህ ነው፤ የቆለፈው በር ከአንድ ወገን ብቻ ነውና። ከሌላው ወገን ያለው በር ግን በሆቴሉ ጓሮ ነው። የጀነሬተርና የመስመር ኃይልን በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚለይ ማቀያየሪያ አለ፤ ‘ቼንጅ ኦቨር’ ይሉታል፤ የሚገጥመው ማንኛውም ብቁ ኤሌክትሪሺያን ነው። በደባርቅ፣ በዳባትም ሆነ በሌላ ከተማ ጀነሬተር ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ መብራት ሳይጠፋ ወደ ጓሮ ሄዳችሁ እሱ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ አስገጥሙ።