ዲስኩ ዝም ሲል፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እስከ መቼ ይጠብቃል?

ከሃርድ ዲስክ የተጠየቀ መረጃ ሳይመጣ ቢዘገይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ምን ያደርጋል? የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ፣ ጊዜው ሲያልፍ ለጠያቂው ፕሮግራም «አልተሳካም» ብሎ ያሳውቃል የሚል መልስ ቶሎ ይታሰበናል። ይሁን እንጂ መጠበቅን ማቆም ከመጠበቁ ይልቅ እጅግ የከበደ ሥራ ነው። ምክንያቱን በሊኑክስ አሠራር እንመልከት።

አንድ ፕሮግራም ፋይል ለማንበብ ሲጠይቅ ጥያቄው በፋይል ሲስተሙ አልፎ ብሎክ ሌየር ወደሚባለው የከርነሉ ክፍል ይደርሳል። ይህ ክፍል ጥያቄዎችን በወረፋ ይዞ ለድራይቨሩ ያስተላልፋል፤ ድራይቨሩም ዲስኩን ያዛል። ትዕዛዙ ሲሰጥ ጥያቄው የጊዜ ገደብ ይቆረጥለታል። ለተለመዱት ዲስኮች ገደቡ፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ 30 ሰከንድ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በዚህ ጊዜ 3,600 ዙር ይዞራልና ለጤነኛ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ጥያቄዎቹ ብዙ ሆነው አብዛኞቹም ገደባቸው ሳይደርስ ስለሚጠናቀቁ፣ ከርነሉ ለእያንዳንዳቸው ሳይሆን ለወረፋው በሙሉ አንድ ሰዓት ቆጣሪ ብቻ ይመድባል።

አሁን ገደቡ አለፈ እንበል። ዲስኩ ያነበበውን መረጃ ወደ ሜሞሪ የሚያስገባው በፕሮሰሰሩ እጅ ሳይሆን በመቆጣጠሪያው አማካይነት በቀጥታ ነው። ይህም ማለት ትዕዛዙ በተሰጠ ጊዜ የተወሰነ የሜሞሪ ቦታ ለዲስኩ በውሰት ተሰጥቷል። ከርነሉ ተስፋ ቆርጦ ያንን ቦታ ለሌላ ፕሮግራም ቢሰጠውና የዘገየው ዲስክ በ31ኛው ሰከንድ መረጃውን ይዞ ቢመጣ፣ የሚጽፈው በሌላው ንብረት ላይ ይሆናል። ጥፋቱ ደግሞ ድምፅ የለውም፤ ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት ላይታይ ይችላል። የዲስክ ዝምታ የመሞቱ ማስረጃ ስላልሆነ ከርነሉ ውሰቱን ሳያስመልስ ጠያቂውን ማሰናበት አይችልም።

መልሱና የገደቡ ማለፍ በአንድ ቅጽበት ሊገጣጠሙም ይችላሉ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ጥያቄ እንዳይዘጉት በትዕዛዙ ላይ አንድ ምልክት አለ፤ ምልክቱን ቀድሞ ያነሳ ወገን ብቻ ጉዳዩን ይጨርሳል።

የገደቡ ማለፍ ከቀደመ ማስመለሱ በደረጃ ይካሄዳል። በስካዚ ሥርዓት መጀመሪያ ያ አንድ ትዕዛዝ እንዲሰረዝ ይጠየቃል። ይህ ካልሆነ ዲስኩ ሪሴት ይደረጋል፤ ቀጥሎ ማስተላለፊያው፣ በመጨረሻም መቆጣጠሪያው ራሱ። ሁሉም ካልሠራ ዲስኩ ከአገልግሎት ውጭ ይደረጋል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል፤ መቆጣጠሪያው ሪሴት ሲደረግ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ጤነኛ ዲስኮችም ይቆማሉ። በዚህ መካከል የሚጠብቀውን ፕሮግራም በኃይል ለመዝጋት ቢሞከር፣ ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ አይዘጋም። ብዙዎች ይህን እንደ ሊኑክስ ግትርነት ይቆጥሩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

በተግባር ከሁሉ ይልቅ ተጠቃሚን የሚጎዳው የሁለት ሰዓቶች አለመጣጣም ነው። ለግል ኮምፒውተር የተሠሩ ብዙ ዲስኮች የተበላሸ ሴክተር ሲያጋጥማቸው ደጋግመው ለማንበብ ይሞክራሉ፤ ሙከራው ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከርነሉ ግን በ30 ሰከንድ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ በሥራ ላይ ያለውን ዲስክ እንደ ሞተ ቆጥሮ ሪሴት ማድረግ ይጀምራል። ዲስኮቹ በሬይድ የተጣመሩ ከሆነ በአንድ ሴክተር ምክንያት ሙሉ ዲስክ ከቡድኑ ይባረራል። በዚያው ወቅት ሌላ ዲስክ ተመሳሳይ ዕጣ ቢገጥመው መረጃው በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለሬይድ የሚዘጋጁ ዲስኮች በአብዛኛው በ7 ሰከንድ ገደማ «ይህን ሴክተር ማንበብ አልቻልኩም» ብለው እንዲመልሱ የሚደረጉት ስለዚህ ነው። ስህተቱ በጊዜ ሲታወቅ ሬይዱ የጎደለውን ከሌሎቹ ዲስኮች አስልቶ መልሶ ይጽፈዋል። ዲስኩ ይህ ችሎታ ከሌለው የሲስተም አስተዳዳሪዎች የከርነሉን ገደብ ወደ 180 ሰከንድ ያሳድጉታል። በሁለቱም መንገድ ዓላማው ዲስኩ ከከርነሉ ቀድሞ ተስፋ እንዲቆርጥ ነው።

ዲስኩ በኔትወርክ ማዶ ሲሆን ይህ ስሌት እስከ መጨረሻው ይገፋል። አማዞን በኤንቪኤምኢ ለሚቀርቡት የኢቢኤስ ዲስኮቹ ተጠቃሚዎች ገደቡን ከርነሉ እስከሚፈቅደው ድረስ ከፍ እንዲያደርጉት ይመክራል። በአዳዲስ ከርነሎች ይህ ቁጥር 4,294,967,295 ሰከንድ ነው፤ ወደ 136 ዓመት ይጠጋል።